በካርታ ቅርብ፣ በእግር ሩቅ፦ የፌርማታዎች ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፦ ጥያቄው

«ይህን ያህል በመቶ ነዋሪ ለሕዝብ ትራንስፖርት ቅርብ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከከተማ ሪፖርት አይጠፋም። ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ደስ የሚል ነው። ቅርብ ሲባል ግን ስንት ነው? የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ለዚህ ልክ አላቸው። መለኪያ 11.2.1 ለአውቶቡስ ፌርማታ 500 ሜትር፣ ለባቡርና ለመሳሰሉት 1 ኪሎ ሜትር ይላል። በመንገድ ተሂዶ የሚለካ ርቀት ነው። በተግባር ግን አቋራጩ ይቀናል። ፌርማታው መሃል ይደረጋል፣ ዙሪያውን ክብ ይሠራል፣ ክቡ ውስጥ የወደቀ ቤት ሁሉ «ትራንስፖርት አለው» ተብሎ ይቆጠራል።

ክብ ለወፍ ይሠራል። እግረኛ ግን አጥር አለበት፣ ወንዝ አለበት፣ መሻገሪያ የሌለው አውራ ጎዳና አለበት።

ምንም እንቅፋት ባይኖር እንኳ ክቡ ያጋንናል። መንገዶቿ ሁሉ ቀጥ ብለው በማዕዘን የሚቋረጡ ከተማ አለች እንበል። ከፌርማታው 500 ሜትር ተራምዶ የሚደረስበት ቦታ ክብ አይሆንም፤ በጫፉ የቆመ ካሬ ነው የሚወጣው። ስፋቱ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር። የክቡ ስፋት ደግሞ 0.785 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ እንዲህ በተመቸው ከተማ እንኳ በእግር የሚደረስበት ከክቡ 64 በመቶው ብቻ ነው። ጠመዝማዛ መንገድና መውጫ የሌለው ሰፈር ሲጨመር ከዚያም ይወርዳል።

ሥራዬ ይሄ ነው። ለሁሉም ክፍት የሆኑ የከተማ ፋይሎችን ብቻ ወስጄ የየፌርማታውን እውነተኛ የእግር ክልል ማውጣት። ከዚያ በካርታ ቅርብ መስለው በእግር ሩቅ የሆኑትን መለየት። ከነሱም ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ የሚስተካከሉትን መፈለግ። አንድ ሕግ አውጥቻለሁ፤ በትውውቅ የሚገኝ ፋይል አልጠቀምም። ሌላ ሰው ያንኑ ፋይል አውርዶ ሥራውን መድገም ካልቻለ፣ የእኔ ካርታ ከወሬ አይለይም።

እሑድ፦ ምን አለ፣ ምን የለም

ፋይል ስለቅም ዋልኩ። የአውቶቡስ መርሐ ግብሩ ጂቲኤፍኤስ በሚባለው ቅርጽ ተለቋል፤ ጥሩ ጅምር ነው። መንገዱን ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ክፍት የዓለም ካርታ እወስዳለሁ። የመንገድ መብራት ዝርዝር በሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ በሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ፣ አለ። የነዋሪዎች አቤቱታ መዝገብም አለ። የእግረኛ መንገዶች ጥናት ግን ፒዲኤፍ ነው፤ ያውም ስካን የተደረገ። ሰንጠረዡ ፎቶ ነው ማለት ነው።

የድረ ገጽ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ በ2010 ለክፍት መረጃ ባለ አምስት ኮከብ ደረጃ አውጥቶ ነበር። ክፍት ፈቃድ ካለው ፒዲኤፍም አንድ ኮከብ ያገኛል። ኮምፒውተር የሚያነበው ሰንጠረዥ ሁለት። በአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ያልታሰረ፣ ለምሳሌ ሲኤስቪ፣ ሦስት። ለእኔ ዓይነት ሥራ ሦስት ይበቃል። በአራተኛውና በአምስተኛው ኮከብ ላይ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ስካን የተደረገ ሰንጠረዥ በእጅ እየገለበጠ ያለ ሰው ግን ለዚህ ክርክር አቅም የለውም።

ፈቃዶቹን አነበብኩ። አሰልቺ ነው፤ ግን መዝለል አይቻልም። ኦፕን ስትሪት ማፕ ከ2012 ጀምሮ ኦዲቢኤል በሚባል ፈቃድ ይወጣል። ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ነው። ከሱ የሠራኸውን የዳታ ቋት ለሕዝብ ስትለቅም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለብህ። የመብራቱ ፋይል «ለግል አገልግሎት ብቻ» የሚል ቢሆን ኖሮ ሁለቱን አዋህዶ ማውጣት አይቻልም ነበር። ደግነቱ አይልም።

ኒው ዮርክ በ2012 መሥሪያ ቤቶቿ መረጃቸውን በአንድ ድረ ገጽ እንዲለቁ የሚያስገድድ ሕግ አጽድቃለች። ቁም ነገሩ ሕግ መሆኑ ላይ ነው። በአንድ ቅን ሠራተኛ በጎ ፈቃድ የተከፈተ ፋይል፣ ሠራተኛው ሲዛወር ባለቤት ያጣል። ዛሬ ያወረድኩት የመብራት ዝርዝር ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበትን ቀን ሳይ ያ ቅን ሠራተኛ የተዛወረ መሰለኝ።

ሰኞ ማታ፦ ዚፑ ሲፈታ

ጂቲኤፍኤስ የተጀመረው በ2005 ነው። የፖርትላንድ፣ ኦሪገን የትራንስፖርት ድርጅት ትራይሜት እና ጉግል አብረው ነው ያበጁት። ዛሬ በየአህጉሩ ያሉ ከተሞች ይጠቀሙበታል። የተወደደበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ምንም አያካብድም። አንድ ዚፕ ፋይል ነው። ሲፈታ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ይወጣሉ። አንዱ የፌርማታ፣ አንዱ የመስመር፣ አንዱ የጉዞ። ትልቁ ደግሞ እያንዳንዱ ጉዞ የትኛው ፌርማታ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚዘረዝረው ነው።

ለማያውቀው የሚያስደነግጡ ነገሮች አሉት። ሰዓቱ 25:10:00 የሚል ረድፍ ታገኛለህ። ስህተት አይደለም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚደርስ ግን የትናንቱ የሥራ ቀን የሆነ ጉዞ ነው። አውቶቡሱ ዛሬ ማታ ተነስቶ ነገ ይደርሳል፤ ቀኑን ላለመቀየር ሰዓቱ ከ24 ያልፋል። «ስህተቱን ላርመው» ብሎ 25ን ወደ 1 የሚቀይር ሰው አውቶቡሱን በጊዜ ወደ ኋላ ያስኬደዋል።

ፋይሉን በኤክሴል ዝም ብሎ መክፈትም አይመከርም። ኤክሴል 0047 የሚል የፌርማታ መለያ ሲያገኝ ቁጥር ይመስለውና 47 ያደርገዋል። ከዚያ የፌርማታው ፋይልና የሰዓቱ ፋይል አይገናኙም። የፌርማታ ስሞች በፊደላችን የተጻፉ ከሆነ ደግሞ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ እንዲነበብ ካልነገርከው የማይነበቡ ምልክቶች ብቻ ሊያሳይህ ይችላል። እኔ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው የማነበው፤ የመለያ ዓምዶቹን «ጽሑፍ ናቸው» ብዬ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከሁሉም ትልቅ ጣጣ ያለው ግን የተሽከርካሪ ወንበር ዓምድ ነው። ሦስት ዋጋ ይይዛል። 1 ማለት ቢያንስ አንዳንዶቹ አውቶቡሶች ላይ መሳፈር ይቻላል። 2 ማለት አይቻልም። 0 ወይም ባዶ ማለት መረጃ የለም። በእኔ ፋይል ውስጥ ከላይ እስከ ታች 0 ነው። በችኮላ የሚያይ «የለም፣ አይቻልም» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ግን «ማንም ሄዶ አላየም» ነው። በካርታዬ ላይ እነዚህን በግራጫ ነው የማስቀምጣቸው። በቀይ ካስቀመጥኳቸው ያልተጠና ነገር እንደተጠና ይመስላል።

መርሐ ግብር ለሌላቸው መስመሮች ይህ ቅርጽ ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይሠራል። «በየዚህን ያህል ደቂቃ አንድ ይመጣል» ብሎ መጻፍ የሚያስችል የራሱ ፋይል አለው። ማታቱ የሚባሉት የናይሮቢ ሚኒባሶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ቋሚ ሰሌዳ የላቸውም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ አጋሮቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ስልክ አስይዞ በማታቱ አሳፈረ፤ መስመሮቹንም መዘገበ። በ2014 ውጤቱ ለሁሉም ተለቀቀ፤ የወረቀት ካርታም ወጣለት። የሚለቀው መረጃ የሌለው ከተማ መረጃውን ራሱ መሰብሰብ ይችላል ማለት ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ስልክ፣ ተማሪና የትራንስፖርት ሒሳብ ነው።

ማክሰኞ፦ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉ ፌርማታዎች

ፌርማታዎቹን ካርታ ላይ አፈሰስኳቸው። ከተማዋ በነጥብ ተሞላች። ጥቂቶቹ ግን የሉም። ካርታውን አሳንሼ ሳየው ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ወጣ ብለው፣ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ ተኮልኩለዋል። ኬክሮስ 0፣ ኬንትሮስ 0። የካርታ ሰዎች ይህን ቦታ ነል አይላንድ ይሉታል። ደሴት የለም፤ ውሃ ነው። አድራሻው ያልተሞላ ነጥብ ሁሉ በዓለም ዙሪያ የሚጣለው እዚያ ነው። እነዚህ ቀላል ናቸው፤ ጠፍተው ሳለ መጥፋታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ።

የሚያስቸግረው ትንሽ የሳተው ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር እስከ አንድ ሜትር ያህል ያነጣጥራል። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው በየ111 ሜትሩ ይዘላል። አንድ ሰው ለሰንጠረዡ ውበት ብሎ አሃዞቹን አሳጥሯቸው እንደሆነ፣ ፌርማታው ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ሊወድቅ ይችላል።

ክብ ለሚሠራ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ክቡ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ቁጥሩ ያው ነው። በእግር ለሚለካ ግን ማዶ መውደቅ ሌላ ፌርማታ መሆን ነው። መሃሉ በአጥር የተከፈለ ጎዳና ላይ ወዲህና ወዲያ ማለት አንዳንዴ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ልዩነት አለው። ስለዚህ ይህን የሚፈትሽ ኮድ ጻፍኩ። ፌርማታው ያለበት ጎን አውቶቡሱ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ይስማማል ወይ? መኪና በቀኝ በሚነዳበት ከተማ ፌርማታው ከአውቶቡሱ አቅጣጫ በስተቀኝ መሆን አለበት። የማይስማሙትን ለብቻ ለየኋቸው። በእጅ ካልታዩ አይታመኑም።

ረቡዕ እና ሐሙስ፦ የእግሩ መረብ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

ኦፕን ስትሪት ማፕ በ2004 እንግሊዝ ውስጥ ተጀመረ። በጎ ፈቃደኞች የሚስሉት የዓለም ካርታ ነው። ለእግረኛ ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት አለኝ። የከተማ አስተዳደር የመንገድ ፋይል ብዙውን ጊዜ መኪና የሚያልፍበትን ብቻ ነው የሚይዘው። በጎ ፈቃደኛ ግን በሰፈሩ ውስጥ የሚያልፈውን ቀጭን መተላለፊያ፣ ደረጃውን፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ያለውን ኮሪደር ይስለዋል። ምክንያቱም ራሱ ይሄድበታል።

ኦኤስኤምኤንኤክስ በሚባል የፓይተን መሣሪያ የእግረኛውን መረብ አወረድኩ። መገናኛዎቹ ነጥብ፣ በመካከላቸው ያሉት መንገዶች መስመር ይሆናሉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ፌርማታ ተነስቶ አጭሩን መንገድ መፈለግ። ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 ያሳተመው ዘዴ እስከ ዛሬ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ቡና ሳይፈላ ጨረሰ።

መጀመሪያ የወጣው ካርታ ያምራል፤ ግን ጥሩነቱ የማይታመን ነው። ነገሩን ስመረምር ጎዳናውን ያለ ምንም ችግር የሚሻገሩ መንገዶች አገኘሁ። አውራ ጎዳናው ካርታው ላይ መስቀለኛ መንገድ አለው፤ እግረኛም መኪናም የሚያልፉበት ተብሎ ተመዝግቧል። በመሃሉ ያለው አጥር አልተሳለም። መረቡ የማያውቀውን አጥር በርግዶ ያልፋል። ተቃራኒውም አለ። የእግረኛ ድልድዩ ተስሏል፤ ደረጃው ግን ከታችኛው መንገድ ጋር በነጥብ አልተገናኘም። በዓይን ሲታይ ተያይዟል። ለኮምፒውተሩ ግን ድልድዩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ማንም አይወጣበትም።

አጥሮቹን ከሳተላይት ምስል እያየሁ ለራሴ ብቻ አልሳልኩም፤ ቀጥታ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ነው የጨመርኳቸው። የድልድዩን ደረጃም አገናኘሁ። ሥራውን ያዘገያል። ግን በራሴ ኮምፒውተር ላይ ያለች ማስተካከያ ለማን ትጠቅማለች? ነገ ሌላ ሰው የአምቡላንስ ወይም የትምህርት ቤት ሥራ ሲሠራ ያንኑ አጥር እንደገና ሊስል አይገባም።

ደረጃን በሜትር ብቻ መለካት ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ካርታ አወጣለሁ። አንዱ ደረጃ የሚወጣ ሰው፣ በሰከንድ 1.3 ሜትር እየተራመደ። ሌላው ደረጃ የማይሞክር ሰው፣ በሰከንድ 0.8 ሜትር። 400 ሜትር ለመጀመሪያው 5 ደቂቃ ያህል ነው። ለሁለተኛው 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፤ ያውም መንገዱ ደረጃ ከሌለው። «አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ» የሚባለው የማን እግር እንደሆነ ካልተነገረ ቁጥሩ ጎዶሎ ነው።

እንደገና አስኬድኩት። አሁን ክቦቹ ውሃ ነክቶት እንደደረቀ ወረቀት ተጨማደዱ። አንዳንዱ በአንድ ጎን ብቻ ረዝሟል። አውራ ጎዳናው ዳር ያሉት ጭራሽ ግማሽ ሆነዋል። ዝርዝሩን በቀላል ሚዛን ደረደርኩት፦ የእግሩ ክልል ለክቡ ሲካፈል። ከ64 በመቶ በጣም ዝቅ ያሉት ላይ አንድ እንቅፋት አለ ማለት ነው። ምን እንደሆነ ሄዶ ማየት ነው የቀረው።

ቅዳሜ፦ በእግር

ከዝርዝሩ መጨረሻ ያሉትን መርጬ ወጣሁ። ስልክ፣ ሜትር፣ የታተመ ካርታ። ካርታውን በወረቀት መያዝ ይሻላል፤ ሰው ሲያይህ ይጠይቅሃል፣ ሲጠይቅህ ይነግርሃል።

አውራ ጎዳናው ዳር ያለው ፌርማታ እንደተባለው ነው። ሰፈሩ ማዶ ይታያል። መሃል ላይ አጥር አለ። የእግረኛ ድልድዩ ወደ ታች ራቅ ብሎ ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ። አጥሩ ላይ ግን ብረቱ የተጎነበሰበት ክፍተት አለ። ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ መኪና እየጠበቀ፣ እየሮጠ።

ፌርማታው ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። «እማማ፣ እዚህ ለመድረስ በየት መጡ?» አልኳቸው።

«በየት እመጣለሁ ልጄ፣ ዞሬ ነዋ!»

«ድልድዩስ?»

«ጉልበቴ መቼ እሺ ይለኛል።»

«በዚያች ክፍተትስ?»

«እሷ የጎረምሶች ናት» አሉና ሳቁ። ከዚያ ካርታውን ተቀብለው ገለበጡት። «ይልቅ ፌርማታውን ለምን ወደዚያ መብራት አያስጠጉትም? እዚያ መኪናው ይቆማል።»

መብራት ያሉት የትራፊክ መብራቱን ነው፤ ከፌርማታው ትንሽ ራቅ ብሎ አለ። ዜብራም አለው። ካርታዬ ላይ አየሁ። ልክ ናቸው። ፌርማታው ወደ ትራፊክ መብራቱ ቢጠጋ ማዶ ያለው ሰፈር ክልሉ ውስጥ ይገባል፤ ድልድይም አጥርም ሳይነካ። የእኔ ስክሪፕት፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው አጭር ፕሮግራም፣ የሚጠይቀው ፌርማታው ባለበት ሆኖ ማን እንደሚደርስበት ብቻ ነበር። ፌርማታው ራሱ ቢነሳስ የሚለውን ጥያቄ እማማ ጨመሩበት። ማታውኑ ጻፍኩት፤ እያንዳንዱን ፌርማታ በመንገዱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እስከ 100 ሜትር እያንቀሳቀሰ የእግር ክልሉን ያወዳድራል።

እሑድ ምሽት፦ የመብራቱ ዝርዝር

ከጨለመ በኋላ ደግሞ ወጣሁ። የመብራት ዝርዝሩ በጣም ዝርዝር ነው። የምሰሶ ቁጥር፣ የአምፖል ዓይነት፣ የተተከለበት ዓመት። ካርታ ላይ ሲቀመጥ መንገዱ ሁሉ ብርሃን ይመስላል። መንገዱ ላይ ስትቆም ግን ምሰሶው አለ፤ ብርሃኑ የለም።

ፋይሉ አልዋሸም። የንብረት መዝገብ ነው። ምሰሶ ስንት እንዳለን ለማወቅ፣ ለበጀት፣ ለጥገና ውል ተብሎ የተሠራ ነው። «ማታ እዚህ ይታያል ወይ?» ብሎ የጠየቀው ማንም የለም። የከተማ ክፍት መረጃ አብዛኛው እንደዚህ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያስተዳድረውን ዕቃ ይቆጥራል። የእግረኛው ጥያቄ በሁለት ሦስት መሥሪያ ቤት ፋይሎች መሃል ወድቆ ይቀራል። የትራንስፖርቱ ፌርማታውን ያውቃል፣ የመንገዱ አጥሩን፣ የመብራቱ ምሰሶውን። ከፌርማታ እስከ ቤት ያለውን ጨለማ መንገድ በሙሉ የያዘ ፋይል የለም። ፋይሎቹን መደራረብ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የማይበሩትን ምሰሶዎች በቁጥራቸው መዘገብኩ። ቁጥራቸው ምሰሶው ላይ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። «እዚያ ቤት አጠገብ» ከማለት የምሰሶ ቁጥር መስጠት ጥገናውን ያፋጥናል።

በሳምንቱ አጋማሽ፦ አቤቱታ፣ ሕዝብ፣ ምስጢር

አንድ ጓደኛዬ «የአቤቱታ መዝገቡን ለምን ዋና ሚዛን አታደርገውም? ሰው ራሱ የነገረህ ነው» አለኝ። አሳማኝ ይመስላል። ግን አቤቱታ የሚያሳየው ችግሩንም የሚያመለክተውንም ሰው ነው። ቦስተን ውስጥ በ2012 ስትሪት በምፕ የሚባል መተግበሪያ ወጥቶ ነበር። ስልክህን መኪናህ ውስጥ ታስቀምጣለህ፤ ሲንገጫገጭ ጉድጓድ መኖሩን ራሱ ይመዘግባል። ብልህ ሐሳብ ነው። ተቺዎች ወዲያው አንድ ነገር አነሱ፤ ስማርት ስልክና መኪና የሌላቸው ሰዎች ሰፈር ጉድጓድ የሌለው ሊመስል ነው። የእኔም መዝገብ ላይ ዝም ያሉ ሰፈሮች አሉ። ሄጄ ያየኋቸው ዝም የሚያሰኙ አይደሉም። ስለዚህ አቤቱታን ለማረጋገጫ ብቻ እንጂ ፌርማታዎቹን ለመደርደር አልተጠቀምኩበትም።

ስንት ሰው በእያንዳንዱ ክልል ውስጥ ይኖራል ለሚለው ወርልድፖፕ የሚባለው የጥናት ቡድን የሚለቀውን የሕዝብ ፍርግርግ ወሰድኩ። ሳጥኖቹ 100 ሜትር በ100 ሜትር ገደማ ናቸው። ይህ ቆጠራ አይደለም፤ የቆጠራ ውጤትን በሳተላይት ከሚታዩ ነገሮች ጋር አገናኝቶ በሳጥን የሚያከፋፍል ግምት ነው። ለሰፈር ይሆናል። «በዚህ ፌርማታ ይህን ያህል ሰው» ብሎ እስከ አንድ ሰው መናገር ግን ድፍረት ነው። እኔ «ብዙ፣ መካከለኛ፣ ጥቂት» ብያለሁ።

ምስጢርን በተመለከተ። የእግረኞች የስልክ ዱካ ቢገኝ ሥራው እንዴት በቀለለ! ግን ክፍት ሆኖ የሚለቀቅ ነገር አይደለም፤ እንዲለቀቅም አልፈልግም። የኒው ዮርክ ታክሲዎች የ2013 ጉዞዎች በ2014 ሲወጡ ከ170 ሚሊዮን በላይ ረድፍ ነበራቸው። የታክሲ ቁጥሮቹ ኤምዲ5 በሚባል ዘዴ ተቀይረው ነበር። የታክሲ ቁጥር ግን አጭርና ቅርጹ የታወቀ ነው። ሊኖሩ የሚችሉትን ሁሉ በዚያው ዘዴ ቀይሮ ማወዳደር ይቻላል። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ እንዲያ አድርጎ በአጭር ጊዜ ፈታው። እኔም መንገድ ላይ ካነጋገርኳቸው ሰዎች የተቀበልኩትን በፌርማታ ደረጃ ብቻ ነው የምጽፈው። ማን የት እንደሚኖርና ማን መራመድ እንደሚያቅተው ፋይሌ ውስጥ የለም።

ዓርብ፦ ቢሮ

ውጤቱን ይዤ ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ካርታውን አሳየኋቸው። ኃላፊው በጥሞና አዩት። የተጨማደዱት ክቦች አሳቋቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ወንድሜ፣ ጥሩ ነው። ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቼን የት ልላካቸው?»

ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። ዝርዝሩን በችግሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን በመፍትሔው ቅለትም አደራጅቼዋለሁ። ምልክቱን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ብቻ የሚበቃቸው ፌርማታዎች ከላይ። ቀለም ብቻ የሚያስፈልጋቸው መሻገሪያዎች ቀጥሎ። አምፖል መቀየር ቀጥሎ። አጥር መክፈትና ድልድይ መጨረሻ፤ እነሱ የሌላ ቢሮ ፊርማ ይጠይቃሉ።

«ይሄን በኤክሴል ልትሰጠኝ ትችላለህ?» አሉ። ካርታው ላይ ያጠፋሁትን ጊዜ አስቤ ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ልክ ናቸው። ሠራተኛው ይዞት የሚወጣው ረድፍ ነው። የፌርማታ መለያ፣ አሁን ያለበት፣ የሚሄድበት፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር። መለያዎቹን ጽሑፍ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ዜሮዎቹ እንዳይጠፉ።

አንድ ነገር እኔ አላውቅም ነበር፤ እሳቸው ነገሩኝ። ወደ ትራፊክ መብራት የተጠጋ ፌርማታ ከመብራቱ በፊት ከሆነ የሚታጠፉ መኪኖችን ይዘጋል፤ ከመብራቱ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ስክሪፕቴ ወደፊትና ወደኋላን እኩል ነበር የሚያየው። አሁን መስቀለኛውን ያለፈውን ቦታ ያስቀድማል። ከመብራቱ ማዶ ሲሆን ደግሞ እግረኛው ከአውቶቡሱ ኋላ ዞሮ ይሻገራል፤ ከፊቱ ብቅ ብሎ ከሚመጣ መኪና ጋር አይላተምም።

ውቅያኖስ ውስጥ ስላሉት ፌርማታዎችም አነሳሁ። ፋይሉን የሚያዘጋጀው ሰው ተጠርቶ መጣ። ወጣት ልጅ ነው። ማንም ስለ ፋይሉ ጽፎለት እንደማያውቅ ነገረኝ። ዝርዝሩን ሰጠሁት፤ ማዶ የወደቁትንም ጨምሬ። በሚቀጥለው ልቀት ሊያስተካክላቸው ነው። ዚፑ ከመውጣቱ በፊት በነፃ የሚገኘውን የጂቲኤፍኤስ መፈተሻ ቢያስኬድ ያልተሞሉትን ነጥቦች አስቀድሞ ይይዝለታል፤ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ አሳየሁት።

አሁን ያለበት

አንዳንዶቹ ፌርማታዎች ለመነሳት ተፈቅዶላቸዋል። የእማማ ፌርማታ ከነሱ ውስጥ ነው። ድልድዩና አጥሩ በደብዳቤ ላይ ናቸው። ከመብራቶቹ ጥቂቱ በርተዋል፤ የቀሩትን የምሰሶ ቁጥር እንደገና ልኬያለሁ።

ስክሪፕቱ አዲስ ዚፕ በወጣ ቁጥር ራሱን ያስኬዳል። ከቀድሞው ጋር አወዳድሮ የእግር ክልላቸው የጠበበ ፌርማታዎችን ያወጣል። ኮዱንና የተስተካከለውን ፋይል ከነፈቃዱ ለቅቄዋለሁ።

ቀጥሎ የምይዘው የትራፊክ መብራት ሰከንዶችን ነው። ፌርማታን ወደ መብራት ስናስጠጋ መብራቱ ራሱ ጊዜ ይሰጣል ወይ የሚለውን ማወቅ አለብን። 14 ሜትር የሚሰፋ መንገድ በሰከንድ 1.2 ሜትር ለሚሄድ 12 ሰከንድ ይበቃዋል። በ0.8 ሜትር ለሚሄድ 17.5 ያስፈልጋል። በአሜሪካ የትራፊክ መመሪያ ውስጥ የነበረው ስሌት በሰከንድ 4 ጫማ፣ ማለትም 1.2 ሜትር ነበር፤ በ2009 ወደ 3.5 ጫማ ዝቅ ብሏል። የእኛ መብራቶች በየትኛው እንደተሰሉ የሚናገር ክፍት ፋይል የለም። ስለዚህ የሰዓት መቁጠሪያ ይዤ በየመስቀለኛው ልቆም ነው። የፋይሉ ዓምዶች ተዘጋጅተዋል፦ የመስቀለኛው መለያ፣ የመንገዱ ስፋት፣ አረንጓዴው የሚቆይበት ሰከንድ፣ የተለካበት ቀንና ሰዓት። አብሮኝ ሊለካ የሚፈልግ ካለ በአንድ መስቀለኛ ሁለት ሰው ብንሆን ይሻላል፤ አንዱ መንገዱን፣ አንዱ መብራቱን ያያል።